ኢሌክቲቭ ኮርስ በ«ኤ» አይመረጥም፦ ለባዮሎጂ ተማሪዎች ለተሰጠ ምክር የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን የባዮሎጂ ተማሪዎች በቴሌግራም እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ ኢሌክቲቭ ኮርስ፣ ማለትም ተማሪው ከዝርዝር የሚመርጠው ኮርስ፣ እንዴት እንደሚመረጥ የሚመክር። ጸሐፊው ራሳቸው በባዮሎጂ የተመረቁ ናቸው፣ ለተማሪው አስበው እንደጻፉትም ያስታውቃል። ምክራቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ኤ የሚሰጥ መምህር ያለበትን ኮርስ ውሰዱ፣ ስታትስቲክስና ኮምፒውተር ያለበትን ሽሹ፣ ሕክምና ሕክምና የሚሸት ኮርስ ካለ እሱን አስቀድሙ ሆስፒታል ያስቀጥራችኋል፣ ዕፅዋትና ነፍሳት መልቀም ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ኢሌክቲቭ ኤግዚት ኤግዛም (የመውጫ ፈተና) ላይ ስለማይመጣ ብዙ አትድከሙበት፣ በመጨረሻም ዲፓርትመንቱ የከፈተውን ከመቀበል ውጪ ምርጫ የላችሁም።

እኔም የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፣ አሁን የምሰራው የምርምር ላብ ውስጥ ነው፣ ለሲኒየር ፕሮጀክት (ለመመረቂያ ጥናት) እና ለኢንተርንሺፕ የሚመጡ ተማሪዎችን ከሚያሰሩት ሰዎች አንዷ ነኝ። ስለዚህ ተማሪው ኢሌክቲቩን ከመረጠ በኋላ አራተኛ ዓመት ላይ ምን እንደሚገጥመው በቅርብ አያለሁ። እኔ የምለው ነገር አንድ ነው፦ ኢሌክቲቭ የሚመረጠው ከመጨረሻው ተነስቶ ነው። ሲኒየር ፕሮጀክቴ ምን ላይ ነው የሚሆነው፣ እሱን ለመስራት እጄ ምን መቻል አለበት፣ ጭንቅላቴ ምን ማወቅ አለበት፣ ይሄን የሚሰጠኝ ኮርስ የቱ ነው፣ በቃ በዚህ ቅደም ተከተል። የጸሐፊውን ምክር የተከተለ ተማሪ ግን አራተኛ ዓመት ላይ ባዶ እጁን ነው የሚደርሰው፣ ለዛ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

የኤውን ነገር መጀመሪያ እንጨርሰው። ጸሐፊው ኢሌክቲቭ ጂፒኤ ማሳደጊያ ነው ይላሉ። እሺ እንቁጠረው። ለምሳሌ ዲግሪው በጠቅላላ 140 ክሬዲት ሃወር ነው እንበል፣ ኢሌክቲቩ 3 ክሬዲት ነው። ኤ ብታመጡ 4 ጊዜ 3፣ 12 ነጥብ፣ ቢ ብታመጡ 3 ጊዜ 3፣ 9 ነጥብ። ልዩነቱ 3 ነጥብ ነው፣ እሱ ለ140 ሲካፈል 0.02 ነው። 3.10 የነበረው ልጅ 3.12 ይሆናል ማለት ነው፣ አለቀ። ሲ እንኳን ብታመጡ ከኤ ጋር ያለው ልዩነት 0.04 ብቻ ነው። ለዚህች 0.02 ተብሎ ነው ተማሪ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ምንም የማያስተምረው ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ የሚመከረው። አዎ 2.00 ጫፍ ላይ ያለ ልጅ አለ፣ መመረቅና አለመመረቅ መሀል ያለ፣ ወይም ደግሞ የተወሰነ የጂፒኤ ገደብ ላለው ስኮላርሺፕ ጥቂት ነጥብ የጎደለው ልጅ አለ፣ ለእነሱ ምክሩ ልክ ሊሆን ይችላል እና እነሱን አልከራከርም። ጽሑፉ ግን የተጻፈው ለሁሉም ነው።

ይሄን ስል መምህር አትዩ እያልኩ አይደለም፣ መምህሩንማ በደንብ እዩት። ሲኒየሮቻችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ግን «ማርክ ይሰጣል ወይ» ከሚሆን «ላቡ ተሰርቷል ወይስ ማንዋሉ ነው የተነበበው» ይሁን። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሪኤጀንት (የላብ ኬሚካል) የለም ተብሎ ፕራክቲካሉ በሃንድአውት የሚያልፍ ኮርስ አለ፣ ሪፖርቱም ከባለፈው ባች ተገልብጦ የሚገባ። እና ደግሞ ሌላ መምህር አለ፣ ያለችውን አንዷን ማይክሮስኮፕ ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪውን በቡድን በቡድን እየጠራ የሚያሳይ፣ ቢ ይሰጥ ይሆናል፣ ግን ከሱ ኮርስ የወጣ ልጅ እኛ ጋ ሲመጣ ገና ስላይድ ሲያነሳ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ስታትስቲክስን ሽሹ ወደሚለው። ጸሐፊው «የባዮሎጂ ተማሪ ሒሳብ ስለማይወድ ነው ባዮሎጂ የገባው፣ ባዮስታት መውሰድ ራስን መቅጣት ነው» ነው የሚሉት፣ ባዮስታት ማለት ለባዮሎጂ የሚሆን ስታትስቲክስ ነው። ይሄ ምክር ከሁሉም በላይ ተማሪ የሚጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳይ።

በየዩኒቨርሲቲው የሚሰራውን የባዮሎጂ ሲኒየር ፕሮጀክት ብታዩ በጣም ብዙው የባህል መድኃኒት ተክል ባክቴሪያ ይገድላል አይገድልም የሚል ነው። ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሁሌም አሉ። አሰራሩ ይታወቃል፦ የዳማከሴው ቅጠል በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ሜታኖሉ ይተንና ጥቁር አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ይቀራል። ከዛ ሙለር ሂንተን አጋር በሚባል የባክቴሪያ ማብቀያ ፕሌት ላይ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ በጥጥ ስዋብ ይቀባል፣ ኤክስትራክቱ የነካቸው ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ላዩ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኢንኩቤተር ውስጥ አድሮ ጠዋት ሲወጣ ዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ካለ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካል። ቆንጆ ስራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ተማሪውም ይወደዋል።

እንግዲህ ልጁ ሶስት ዲስክ አንድ ፕሌት ላይ ያስቀምጣል፣ 14፣ 15፣ 14 ሚሊ ሜትር ያገኛል። የውሃውን ኤክስትራክት ደግሞ ሌላ አንድ ፕሌት ላይ፣ 12፣ 11፣ 12። ከዛ «ሶስት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ የሜታኖሉ ኤክስትራክት በሲግኒፊካንት (በአጋጣሚ ሊባል በማይችል ልዩነት) ይበልጣል» ብሎ ይጽፋል። አልደገመውም። ሶስቱም ዲስክ ያሉት አንድ ፕሌት ላይ ነው፣ የተቀባው ባክቴሪያ አንድ ነው፣ አጋሩ አንድ ላይ የፈሰሰ ነው፣ ኤክስትራክቱ ከአንድ ጠርሙስ ነው። ያ ፕሌት አጋሩ ትንሽ ቀጠን ብሎ ፈስሶ ከሆነ ሶስቱም ክብ እኩል ይሰፋል፣ ባክቴሪያው ወፈር ተደርጎ ተቀብቶ ከሆነ ሶስቱም እኩል ይጠባል። ልዩነቱ የኤክስትራክቱ ይሁን የፕሌቱ ማንም ሊለየው አይችልም። ድግግሞሽ የሚባለው በተለያየ ቀን አዲስ ከተዘጋጀ ባክቴሪያ በተለያየ ፕሌት ሲሰራ ነው። ያለ ኤክስትራክት ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክስ የታለ ሲባል ደግሞ የለም። ሜታኖሉ ራሱ ከዲስኩ ላይ በደንብ ሳይተን ቀርቶ ባክቴሪያውን ገድሎት ቢሆንስ?

ይሄ ሁሉ ጥያቄ የሚነሳው መቼ ነው፣ ዲፌንስ ላይ፣ ጥናቱን ፈታኞች ፊት ሲያቀርብ። ሪኤጀንቱ አልቋል፣ ሴሚስተሩ አልቋል፣ ልጁ ቆሞ ላቡ ይንጠፈጠፋል። ስታትስ የማያውቅ ልጅ ዳታውን ይዞ ሰው ፍለጋ ይሄዳል፣ ከፍሎም የሚያሰራ አለ፣ የሰራለት ሰው ደግሞ ፕሌትና ዲስክ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ቁጥሩን እንዳለ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባውና ልዩነቱ ሲግኒፊካንት ነው አይደለም የሚባልበትን ፒ ቫሊዩ አውጥቶ ይሰጠዋል። ባዮስታት በደንብ የተማረ ልጅ ግን ገና አጋሩ ሳይፈስ ስንት ፕሌት እንደሚያስፈልገው፣ ኮንትሮሉ (ማነጻጸሪያው) የቱ እንደሆነ ወስኖ ነው የሚጀምረው። የኮርሱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ጋ ነው፣ ፎርሙላው ላይ አይደለም፣ ፎርሙላውን አር የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ይሰራዋል፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም ይጫናል።

«የባዮሎጂ ሰው ሒሳብ አይወድም» የሚለው ደግሞ ከራሱ ከባዮሎጂ ታሪክ ጋር አይሄድም። ጄኔቲክስ ላይ ስሙ የማይጠፋው ሜንዴል አተር ቆጥሮ ነው እዛ የደረሰው፣ 5474 ክብ፣ 1850 የተጨማደደ፣ ይሄ 3 ለ 1 የሚባለው ሬሾ ከዛ የወጣ ነው። ሁላችንም የምንፈራው አኖቫ፣ የብዙ ቡድኖችን አማካይ የሚያነጻጽረው የስታትስ ዘዴ፣ ራሱ የመጣው ከእርሻ ነው፣ ሮናልድ ፊሸር በፈረንጆቹ 1919 እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጥሮ ለዓመታት የተከማቸ የማዳበሪያና የሰብል ምርት ዳታ ሲሰጠው ነው እነዚህን ዘዴዎች ያዳበረው። ስታትስ ከውጪ መጥቶ ባዮሎጂ ላይ የተጫነ ትምህርት አይደለም፣ አንዱ ክፍሏ ነው። በእናንተ ካሪኩለም ባዮስታት ግዴታ ሆኖ ከተሰጠ ጥሩ፣ ካልሆነ ግን አንድ ኢሌክቲቭ ብቻ ምረጡ ብትባሉ እኔ እሱን ነው የምላችሁ።

ከኮምፒውተሩ ጋር ተያይዞ ባዮኢንፎርማቲክስንም (እንደ ዲኤንኤ ያለ የባዮሎጂ ዳታ በኮምፒውተር የሚተነተንበትን ትምህርት) ጸሐፊው «ለውጪ አገር ተማሪ ነው፣ እኛ ምን አለንና» ብለው አልፈውታል። እኔ ደግሞ የላብ ዕቃ የሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው መጀመሪያ ሊይዙት የሚገባው እላለሁ። ፒሲአር ማሽን (ዲኤንኤ የሚያባዛ) የሌለው ዲፓርትመንት ሞለኪውላር ባዮሎጂን በፕራክቲካል ማስተማር አይችልም፣ ኢንዛይሙ ውድ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋ ይበላሻል። ባዮኢንፎርማቲክስ የሚፈልገው ግን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነው። የዲኤንኤ ሲኩዌንስ የሚቀመጥበት ጂንባንክ ክፍት ነው፣ ተመሳሳዩን የሚፈልገው ብላስት ክፍት ነው፣ ዓለም ላይ ትልቁ ላብ የሚጠቀምበትን ዳታቤዝ እናንተም ትጠቀማላችሁ፣ ክፍያ የለው ቪዛ የለው። አንድ ያልታወቀ የዲኤንኤ ሲኩዌንስ ተሰጥቶት የማን እንደሆነ አፈላልጎ፣ ከዘመዶቹ ጋር አሰልፎ፣ የዝምድና ዛፍ (ትሪ) ሰርቶ የሚያመጣ የዲግሪ ተማሪ ማስተርስ ሲገባ አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው የሚገባው።

የሕክምናውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ያለው የአመለካከት ልዩነት ሳይሆን የአሰራር ጉዳይ ነው። ሜዲካል ማይክሮባዮሎጂና ፓራሲቶሎጂ (የጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት) ኢሌክቲቭ ስለወሰዳችሁ ሆስፒታል ላብ ውስጥ አትቀጠሩም። እዛ የሚቀጠረው ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የተመረቀና የሙያ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፣ በባዮሎጂ ዲግሪ ላይ ሁለት ኮርስ በመጨመር ፈቃዱ አይገኝም። ተማሪ ይሄን ሳያውቅ ሁለት ሶስት ዓመት ተስፋ አድርጎ ተመርቆ የሆስፒታል ማስታወቂያ ላይ ሲያመለክት ነው የሚነገረው፣ ያሳዝናል፣ እና እንዲህ ያለ ነገር ሳይጣራ መጻፍ የለበትም። ኮርሶቹ ራሳቸው ግን በጣም ጥሩ ኮርሶች ናቸው። ፓራሲቶሎጂ ወስዳችሁ በወባ ወይም በቢልሃርዚያ ምርምር ላይ መስራት ትችላላችሁ፣ ማይክሮባዮሎጂ ወስዳችሁ የቢራ፣ የወተት፣ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ላብ ማመልከት ትችላላችሁ፣ እነዚህ ቦታዎች ናቸው ባዮሎጂ የተማረ ሰው የሚፈልጉት። አርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ምርምር፣ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሲያወጡ የነበረውን የስራ ማስታወቂያ እየፈለጋችሁ አንብቡና ምን ዓይነት ችሎታ እንደሚጠይቁ እዩ፣ ኢሌክቲቭ ለመምረጥ ከማንኛውም ምክር ይሻላል፣ ከኔም ጭምር።

መምህር መሆን የምትፈልጉ ደግሞ አላችሁ፣ ብዙዎቻችሁም እዛ ነው የምትገቡት፣ ጽሑፉ ስለእናንተ አንድ መስመር የለውም። ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ከዲግሪው በኋላ ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ዲፕሎማ መውሰዳችሁ ስለማይቀር ማስተማሪያ ዘዴውን እዛ ታገኙታላችሁ፣ ኢሌክቲቩን ግን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ላብ ልታሳዩበት የምትችሉትን ውሰዱ፣ ኢኮሎጂ፣ የአካባቢ ዕፅዋት፣ ነፍሳት። ማይክሮስኮፕ የሌለው ትምህርት ቤት ይኖራል፣ ዛፍና ጉንዳን የሌለው ግን የለም።

ይሄ ወደ አራተኛው ነጥብ ያመጣኛል፣ ጸሐፊው «ቅጠል ማድረቅና ነፍሳት በመርፌ መውጋት የአያቶቻችን ባዮሎጂ ነው፣ አሁን ዘመኑ የሞለኪውላር ነው» ያሉት። ይሄን ስሰማ በጣም ነው የሚከነክነኝ።

በ2009 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2016፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የወባ ትንኝ ሲሰበስቡ የነበሩ ተመራማሪዎች አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ አገኙ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚያ በፊት አልተመዘገበችም፣ አገሯ ደቡብ እስያና አካባቢው ነው፣ አፍሪካ ቀንድ ላይ ቀድማ የታየችው ጅቡቲ ነው። አደገኛ የሚያደርጋት ከተማ መውደዷ ነው። የኛ ዋናዋ የወባ ትንኝ አኖፊሊስ አራቢየንሲስ ዝናብ ባቆረው ውሃ ላይ ነው በብዛት የምትራባው፣ ይቺ ግን ሮቶ ውስጥ፣ በርሜል ውስጥ፣ ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች፣ ስለዚህ ክረምት በጋ አትልም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከሷ ጋር ነው የተያያዘው።

አሁን ጥያቄው እንዴት ተለየች ነው። ትንኝ የሚለየው ሰው በማይክሮስኮፕ እያየ የመለያ ኪይ ነው የሚከተለው፣ ክንፏ ላይ ያለው ነጠብጣብ እንዲህ ነው ወይስ እንዲያ፣ ከአፏ ጎን ያሉት ፓልፖች ላይ ስንት ነጭ ቀለበት አለ፣ እያለ ሁለት ሁለት ምርጫ እየሰጠው እስከ ስሟ ይወስደዋል። ችግሩ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ በብዛት ይሰራበት የነበረው ኪይ ስቴፈንሲን አይጨምርም ነበር፣ ለምን ይጨምራል፣ እዚህ አልነበረችማ። እንዲህ ሲሆን ኪዩን ዝም ብሎ የሚከተል ሰው ከነበሩት አንዷን ስም ሰጥቷት ያልፋል። የእኛን አገር ትንኝ አይቶ አይቶ ዓይኑ የለመደ ሰው ግን ይቺስ ትለያለች ይላል። ከዛ በኋላ ነው ዲኤንኤው የመጣው፣ ኮክስ 1 እና አይቲኤስ 2 የሚባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች ሲኩዌንስ ተደርገው በእርግጥም ስቴፈንሲ መሆኗ ተረጋገጠ። ሁለቱም አስፈልጓል። ዓይን የሌለው ሞለኪውላር ባለሙያ የትኛዋን ትንኝ ቱቦ ውስጥ እንደሚያስገባ አያውቅም። ኢንቶሞሎጂ (የነፍሳት ጥናት) እና ባዮኢንፎርማቲክስ አብሮ የወሰደ ተማሪ ለዚህ ዓይነት ስራ የሚፈለገው ልጅ ነው፣ ጸሐፊው ሁለቱንም ሽሹ ብለውታል።

ሌላም ልጨምር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው የውሃ ቀንድ አውጣ ነው፣ እንዶዱ ቀንድ አውጣውን እየገደለው ነበር። ከዚያች ምልከታ ተነስተው ለዓመታት ሰሩበት፣ በፈረንጆቹ 1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙበት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬም በስማቸው ነው የሚጠራው። ይሄ የተጀመረው ወንዝ ዳር ነው፣ ፊልድ ላይ፣ ተክሉንም ቀንድ አውጣውንም በሚያውቅ ሰው።

ስራ የለውም የሚባለውም ቢሆን ልክ አይደለም። ዝዋይ አካባቢ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች አበባውን የሚያጠፋውን ስፓይደር ማይት የሚባል ሸረሪት መሰል ትንሽ ተባይ በኬሚካል ብቻ አይደለም የሚከላከሉት፣ እሱን የሚበላ ሌላ ማይት ይለቃሉ፣ እና ግሪንሃውስ ውስጥ እየዞረ በሌንስ የትኛው ጠላት የትኛው ወዳጅ እንደሆነ ለይቶ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋሉ። ስንዴ ላይ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ባሌ ላይ ዲጋሉ የሚባለውን ዝርያ ግንድ ዋግ እንዴት እንዳወደመው ገበሬው ይነግራችኋል፣ ያ ፈንገስ የትኛው ሬስ (የፈንገሱ ዓይነት) እንደሆነ ሳይታወቅ የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ አይቻልም፣ ማይኮሎጂ (የፈንገስ ጥናት) እና ፕላንት ፓቶሎጂ (የዕፅዋት በሽታ ጥናት) የሚባሉት ኢሌክቲቮች ለዚህ ናቸው። ወደ 6000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዝርያ ባለበት አገር ቁጭ ብሎ ተክል መለየት ጊዜው አልፏል ማለት ለእኔ የማይዋጥ ነገር ነው። ስምንት ቮሊዩም ያለው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ፣ የሁለቱን አገር ዕፅዋት የሚዘረዝረው መጽሐፍ፣ እኮ ተሰርቶ ያለቀው በፈረንጆቹ 2009 ነው፣ አያቶቻችን አይደሉም የጨረሱት፣ መምህሮቻችን ናቸው።

ኤግዚት ኤግዛሙን በተመለከተ ጸሐፊው ያሉት እውነት አለው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የዲግሪ ተማሪ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪውን አያገኝም፣ ማለፊያው 50 ፐርሰንት ነው፣ ጥያቄው የሚወጣው ከተመረጡ ዋና ዋና ኮርሶች ነው፣ ለዛ መዘጋጀት ግዴታ ነው። ግን ከዚህ ተነስቶ ኢሌክቲቭ ላይ አትድከሙ ማለት አይቻልም። ፈተናው መልስ ከአማራጮች የሚመረጥበት ነው፣ ማለፋችሁን እንጂ ፒፔት (ላብ ውስጥ ፈሳሽ የሚለካበትን ዕቃ) መያዝ መቻላችሁን አያሳይም፣ ያለፈው ሁሉ ደግሞ ያው ዲግሪ አለው። ማስተርስ ስታመለክቱ፣ በተለይ ውጪ፣ ትራንስክሪፕቱን ኮርስ በኮርስ ነው የሚያዩት፣ አንዳንዱም የኮርስ ዲስክሪፕሽን ይጠይቃል፣ እና ከሌላው ባዮሎጂ ተመራቂ የምትለዩት በእነዚያ ሁለት ሶስት ኢሌክቲቮችና በሲኒየር ፕሮጀክታችሁ ነው፣ ሌላው ኮርስ ከሁሉም ጋር አንድ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ «ምርጫ የላችሁም፣ ዲፓርትመንቱ የከፈተውን ትወስዳላችሁ» የሚለው ነው። ይሄኛው ላይ ጸሐፊው ከኖሩት ነው የተናገሩት፣ ብዙ ቦታ የሚሆነው እሱ ነው፣ ካሪኩለሙ ላይ አስርና ከዛ በላይ ኢሌክቲቭ ተደርድሮ የሚከፈተው አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ክፍሉ እጅ አውጥቶ ይመርጣል፣ እጁ የሚበዛው ደግሞ ቀላል ነው ለተባለው ኮርስ ነው። ግን እንዴት እንደሚወሰን ካወቃችሁ ልትለውጡት የምትችሉት ነገር ነው። ኮርስ የሚከፈተው የሚያስተምረው ሰው ሲኖርና የሚፈልገው ተማሪ ሲኖር ነው፣ የመምህራን ሎድ (ማን የትኛውን ኮርስ እንደሚያስተምር) የሚደለደለው ደግሞ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ነው። ስለዚህ ሴሚስተሩ ገብቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ «ሌላ አይከፈትልንም ወይ» ብትሉ ሎዱ ተደልድሎ አልቋል፣ መልሱ አይ ነው፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ክፉ ስለሆነ አይደለም።

ማድረግ ያለባችሁ አሁን ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆናችሁ የካሪኩለሙን ኮፒ ከዲፓርትመንት ጠይቁ፣ የእናንተ ሰነድ ነው ይሰጧችኋል። ዝርዝሩን ከመምህራኑ ጋር አነጻጽሩት፣ ማን በምን ነው ፒኤችዲውን የሰራው፣ ማን ከትምህርት ተመልሷል፣ ማን በዚህ ዓመት ሊወጣ ነው። ኢንቶሞሎጂስት ካለ ኢንቶሞሎጂ ይከፈትልን ማለት ይቻላል፣ ከሌለ ግን ወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ብታስከፍቱት ከስላይድ የሚያነብላችሁ ሰው ነው የሚመደበው። ከዛ በክፍል ተወካያችሁ በኩል ፍላጎታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ስም ዝርዝርና ፊርማ ያለበት፣ በቃል የተባለ ነገር ይረሳል። አሁን በብዙ ቦታ የባዮሎጂ ባች ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጥቂት ልጆች ተስማምተው ቢመጡ ድምጻቸው ይሰማል፣ ጓደኛ ያደረገውን ከመከተል ጓደኛን ማሳመን ይቻላል ማለት ነው። ካሪኩለሙ ከሌላ ዲፓርትመንት መውሰድ ከፈቀደ ደግሞ ጂአይኤስ (በኮምፒውተር ካርታ መስራት) ከጂኦግራፊ፣ ስታትስ ከስታትስቲክስ ዲፓርትመንት ጠይቁ፣ ኮንሰርቬሽን ወይ ኢኮሎጂ ላይ መስራት ለሚፈልግ ካርታ መስራት መቻል ትልቅ ነገር ነው። ካልፈቀደም መምህሩን አስፈቅዶ ሳይመዘገቡ ገብቶ መከታተል ይቻላል፣ አብዛኛው መምህር ለመማር የመጣ ተማሪ አያስወጣም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው። ፕሮጀክቱን የሚያማክር አድቫይዘር የሚመደበው አራተኛ ዓመት ላይ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ልትሰሩበት የምትፈልጉትን ርዕስ የሚያውቅ መምህር ጋ አሁኑኑ ሄዳችሁ «ከእርስዎ ጋር ሲኒየር ፕሮጀክት መስራት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ኢሌክቲቭ ብወስድ ይጠቅመኛል» በሉ። በጣም የሚቆጣ መምህር እንኳን ይሄን ጥያቄ በደስታ ነው የሚመልሰው፣ ብዙ ተማሪ አይጠይቃቸውማ። የሚሰጧችሁን መልስ ይዛችሁ ከካሪኩለሙ ጋር አስተያዩት፣ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት ጨርሱ፣ ምክንያቱም ምዝገባው ካለቀና አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መተዊያ ጊዜው) ከተዘጋ በኋላ ሪጅስትራሩ ሲስተሙን አይከፍትላችሁም።